ዘፋኝ የሌለው ካሴት

ባለፈው ሳምንት ከጃጁራ ወደ ሆሳዕና ስመለስ የሚኒባሱ ሹፌር ቃል የሌለው የሳክስፎን ሙዚቃ ከፈተ፤ ጥቂት እንደሄድን ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ሹፌር፣ ዘፋኙ የት ቀረ?» አሉና ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን ጥያቄ በልጅነቴ በጎረቤታችን በጋሽ ኤርሲዶ በረንዳ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ጋሽ ኤርሲዶ በጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ቴነር ሳክስፎን ይጫወቱ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን፣ መሣሪያው የመንግሥት ንብረት ነውና እዚያው ካምፕ ቀረ፤ እሳቸው ይዘውት የመጡት ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር፣ በፒያኖ፣ በቤዝና በድራም ታጅበው፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የቀዱትን የጃዝ ካሴት ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። እሁድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ቴፑን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጫማቸው ጫፍ ሲሚንቶውን እየመቱ ያዳምጡታል፤ ጣቶቻቸው በሌለው ሳክስፎን ላይ ይሄዳሉ፤ መንገደኛው ሁሉ «ጋሼ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» እያለ ያልፋል። እኔ ዓይን አፋር ስለነበርኩ ምንም አልጠይቅም፤ ደረጃው ላይ እንድቀመጥ የሚፈቅዱልኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ለሄደ ልጅ ከደብዳቤ ይልቅ ድምፅ በካሴት ይላክለት ነበር። ልጃቸው ታምራት ከሄደ ከወራት በኋላ፣ አንድ ማለዳ ጋሽ ኤርሲዶ በሌሉበት ወደዚያው የሚጓዝ ሰው በድንገት በራቸውን አንኳኳ። ባለቤታቸው እትዬ ታደለች ባዶ ካሴት ቢፈልጉ አጡ፤ ሱቁም ገና አልተከፈተም። እንዳይቀዳበት ተብሎ የተሰበረውን የጃዙን ካሴት ጥርስ በወረቀት ወትፈው፣ በሀዲይኛ ለልጃቸው አወሩበትና ለመንገደኛው ሰጡት።

እሁድ ከሰዓት ጋሽ ኤርሲዶ ባዶውን የካሴት ቤት ሲያገላብጡ ደረጃው ላይ ነበርኩ።

«ሁሉንም አጠፋሽው?»

«ኧረ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ነው ያወራሁት! ሰውየው ቆሞብኝ ምን ላድርግ? ልጄ እኮ ነው።»

ጋሽ ኤርሲዶ ባዶውን የካሴት ቤት ከፍተው ዘጉት። «ይሁን እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፤ «ዘፋኝ ተገኘለት።»

በሰፈሩ ስልክ የነበረው እኛ ቤት ስለሆነ፣ ታምራት ሲደውል ሁለቱም እኛ ሳሎን መጡ። «እማዬ ተሰናብታኝ ካሴቱን ላወጣ ስል አባዬ በሳክስፎኑ ገባ» ሲል ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን «ካሴቱን መልስልኝ» ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ኤርሲዶ ግን «አንተው ጋ ይቆይ» ብለው ስልኩን ለእትዬ ታደለች ሰጡ። ከዚያ ወዲያ እሁድ በረንዳው ላይ የሚቀመጡት ያለ ቴፕ ነው፤ ጫማቸው ግን መምታቱን አልተወም።

ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ በረንዳው ፈርሶ ሱቅ ሆኗል፤ ካሴቱ ካለም ታምራት ዘንድ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ዜማውን ላስታውስ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ ሲሚንቶውን የሚመታው ጫማ ብቻ ነው። ከእሱ ተነስቼ ሌላውን ልፈልግ ስል፣ ሹፌሩ ለሴትዮዋ ብሎ ዘፋኝ ወዳለበት ሙዚቃ ቀየረ።