ያልተሻገረችው ገመድ

ማልሱን ወረቀት ትበሳለች። በግራ እጇ ከሕፃን ተረከዝ የተወሰደ የደረቀ የደም ጠብታ ያለበትን ወረቀት ትይዛለች፤ በቀኟ መብሻውን ትጫናለች፤ ቀጭ ሲል ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቡናማ ክብ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው ሳህን ውስጥ ትወድቃለች። አንድ ክብ፣ አንድ ሕፃን። በቀን ሦስት መቶ። አውራ ጣቷ ከመጫን ብዛት ጎብጧል፤ ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዛታል።

በክዋንግጁ ከተማ ባለው ሆስፒታል፣ የሆርሞን ምርምር ክፍል፣ መጀመሪያ የገባችው ብርጭቆ አጣቢ ሆና ነበር። ባሏ ሞቶባት፣ ዮንሃ የምትባል አንዲት ልጇን ታሳድግ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ናምጉንግ እጇ እንደማይንቀጠቀጥ አዩና መብሻውን ሰጧት።

«ይህ ሥራ ችኩል አይወድም፣ እትዬ ማልሱን» አሏት።

«ችኩልማ ብሆን ይሄኔ ሁለተኛ ባል አግብቼ ነበር» አለች።

ሥራውን እሳቸው አስረዷት፤ እሷ ደግሞ በራሷ ቋንቋ ያዘችው። አንገት ላይ፣ እንቅርት የሚወጣበት ቦታ፣ አንዲት እጢ አለች። የሕፃን አንጎል የሚያድገው እሷ በምታመነጨው ሆርሞን ነው። ከአንጎል ሥር ያለች ሌላ እጢ ደግሞ «ሥሪ! ሥሪ!» እያለች ትጠራታለች። የአንገቷ እጢ ከሰነፈች ጥሪው ይበረታል፣ ደም ውስጥ የሚለካው የጥሪው ቁጥርም ይወጣል። ልጁ ግን ምንም አይልም። ይተኛል። ማልሱን ለአዳዲስ ሠራተኞች ስታስተምር «ልጁ ዝም ሲል ደሙ ይጮኻል» ትላቸው ነበር።

በአካባቢው ባሕር ካሉት ደሴቶች በሚመጡት ወረቀቶች ላይ ቁጥሩ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ፕሮፌሰሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭንቅላታቸውን ሲያኩ ከረሙ። መልሱን የነገረቻቸው እሷ ናት።

«ዶክተር፣ ደሴት ላይ አራስ ምን እንደምትበላ ያውቃሉ?»

«የባሕር ቅጠል ሾርባ ነዋ። እናቴም እኔን ወልዳ በልታለች።»

«የእርስዎ እናት ከተማ ነው የወለዱት። የደሴቱን ሳህን አላዩትም። ሕፃን የሚታጠብበትን ያህላል እኮ! በቀን አምስቴ ሞልተው ነው የሚሰጧት።»

በማግስቱ ብልቃጥ ተሸክማ በጀልባ ሄደች። ከየአራስ ቤቱ አንድ ማንኪያ ሾርባ፣ አንድ ማንኪያ የጡት ወተት ለምና መጣች። ሾርባው፣ ቅጠሉ ባሕር ውስጥ የሚበቅል ነውና፣ በአዮዲን የተሞላ ነበር፤ አዮዲኑ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ሲበዛ የሕፃኑን እጢ ያስተኛታል፣ በተለይ ያለ ቀኑ የተወለደውን። ከዚያ ወዲህ ለእናቶች የሚታደል ማሳሰቢያ ወጣ፦ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ፣ የመጀመሪያው ደም ንጹሕ ቢሆንም፣ በሁለት ሳምንቱ ተረከዙ እንደገና ይወጋ። ቃሉ የማልሱን ነው። ፕሮፌሰሩ የጻፉት የደሴት ሴት የሚገባት አልነበረምና እሷ አስተካከለችው።

እንግዲህ ነገሩን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የጸደይ ወራት ዮንሃ በስምንተኛ ወሯ ወንድ ልጅ ወለደች። ያገባችው ደሴት ነው፤ አማቷ ኦክቡን የባሕር ቅጠል አብቅላ፣ አጭዳ፣ አድርቃ የምትኖር፣ ክንዷ እንደ ወንድ የፈረጠመ ሴት ናት። ማልሱን ራሷ ከመውለጃው በፊት አንድ ረጅም እስር የባሕር ቅጠል ገዝታ ወስዳ ነበር። ለአራስ የሚሆን ቅጠል አይታጠፍም፣ ምጥ ያጠናል ይባላልና፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ተኛ ሰው ጭኗ ላይ አጋድማው ሄደች። ማሳሰቢያውን የጻፈች ሴት! ግን እናት ልጇ ዘንድ ባዶ እጇን እንዴት ትሄዳለች? በቀን አንዴ ከበላች ምንም አይደል ብላ አሰበች። ለኦክቡንም «ትንሽ ትንሽ ይስጧት» አለቻት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ኦክቡን ሳቀች።

የልጁ የመጀመሪያ ወረቀት መጣ። ማልሱን በሳችው። ንጹሕ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን የማልሱን ታላቅ ወንድም ሞተ። በሦስተኛው ቀን ቀበሩት። ልጁ ሁለት ሳምንት የሞላው ያን ቀን ነበርና ወረቀትና መውጊያ በቦርሳዋ ይዛ ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ጀልባው ወረደች።

በኦክቡን በር ላይ የአራስ ቤት ገመድ ተዘርግቷል፤ ወደ ግራ የተገመደ የገለባ ገመድ፣ ከሰልና ቀይ በርበሬ የተሰካበት። ልጁ ከተወለደ ሦስት ሰባት፣ ማለትም ሃያ አንድ ቀን፣ እስኪሞላ እንግዳ አያልፈውም። ከለቅሶ የመጣ ሰው ደግሞ በበሩም ባያልፍ ይሻላል።

ኦክቡን ከውስጥ ሆና ቆመች። «እትዬ ማልሱን፣ ወንድምዎን ነፍስ ይማር። ግን የመቃብር አፈር ጫማዎ ላይ ነው።»

«ተረከዙን ብቻ ልውጋው። አፍታ አይፈጅም።»

«በሦስት ሰባት ውስጥ? ብረትና ደም አራስ ቤት? እናንተ የከተማ ሰዎች የሰው ልጅ ተረከዝ ስትወጉ ውላችሁ ማታ ራታችሁ እንዴት ይዋጥላችኋል?»

ዮንሃ ልጁን አቅፋ ከቤቱ ደጃፍ ብቅ አለች። «እማዬ፣ አየሽው? ሰላም እኮ ነው!»

በመካከላቸው ያለው አሥር እርምጃ ነው። ገመዱ ከወገቧ አይበልጥም፤ ጎንበስ ብትል ታልፈው ነበር። ማልሱን ሆርሞን የሚሠራውን ታውቃለች፤ ግን እሷም የእናቷ ልጅ ናት። ወንድሟን የበላው ሞት በቀሚሷ ጫፍ ተከትሏት ገብቶ ልጁን ቢወስደውስ? እጇ ቦርሳዋን ጨመቀ። ዞራ ሄደች።

ገመዱ ሲወርድ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ኦክቡን ናት።

«የወንድምዎ ለቅሶ አርባ ዘጠኝ ቀኑ ይውጣለት፣ ከዚያ ይምጡ። ምን ያስቸኩልዎታል? ቅቤ የመሰለ ልጅ ነው!»

ማልሱን እሺ አለች። የደም መውሰጃ ወረቀቱን በፖስታ ላከች፤ ዮንሃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ግን ማታ ማታ ይጠባ እንደሆን፣ ያለቅስ እንደሆን አትጠይቅም። ያልጠየቀችው መልሱን ስለፈራች ነው።

ልጁ በተወለደ በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ዮንሃ ራሷ ደወለች። «እማዬ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አይተሽ አታውቂም። አያለቅስም! ሰፈሩ ሁሉ ይቀናብኛል።»

ማልሱን መብሻውን አስቀመጠች። «ሲጠባስ?»

«እየጠባ ይተኛል።»

«ሆዱስ?»

«በአራት ቀን አንዴ... ምነው?»

«ሾርባ ትጠጫለሽ?»

«አምስቴ። እማማ ኦክቡን ራሳቸው እየሠሩልኝ።»

ሳህኑን ግማሹን ሳትሞላ ትታው ወጣች። የወንድሟ አርባ ዘጠኝ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በጀልባ ተሻግራ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ኦክቡን ቤት ገባች። ልጁ ቢጫ ሆኗል፤ ምላሱ ወፍሮ ከአፉ ወጥቷል፤ እግሩ በረዶ ነው። ተረከዙን ወጋችው። ደሙ መጣ። ልቅሶው ቆይቶ፣ እንደ ሽማግሌ ድምፅ ሻክሮ መጣ።

ያንን ወረቀት ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ በሳችው። ክቧ እንደሌሎቹ ቀጭ ብላ ወደቀች። ቁጥሩ ክፍሉ ካያቸው ሁሉ በላይ ነበር።

«ዛሬውኑ ሾርባው ይቁም፤ የሆርሞኑ ክኒን ይጀመር» አሉ ፕሮፌሰር ናምጉንግ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ደግመው አዩት። «እትዬ ማልሱን... ማሳሰቢያውን የጻፉት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«ገመድ ነበረ» አለች።

 እነዚያ ሳምንታት ከልጁ አንጎል ምን ያህል እንደወሰዱ ስትጠይቃቸው፣ ሐሰት የማያውቁ ሰው ናቸውና፣ «ማንም ሊነግርዎ አይችልም» አሏት። በዓመቱ የምርምራቸው ጽሑፍ ሲወጣ ሠንጠረዡ ላይ እንዲህ የሚል አንድ መስመር ነበረ፦ ሕፃን ቁጥር አርባ አንድ፣ ሁለተኛ ናሙና ዘግይቷል።

ቁጥር አርባ አንድ ስሙ ኡቾል ነው። በሦስት ዓመቱ በእግሩ ሄደ። በሰባት ዓመቱ እስከ ስድስት ቆጠረ፤ ሰባት ላይ ሁልጊዜ ይጠፋበታል። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ ከእናቱ ጋር ቅጠል ያሰጣል፤ ሰው ካልነገረው ዝናብ ሲመጣ አያነሳውም። ጨዋ ነው። አሁንም አያለቅስም።

ኦክቡን እስክትሞት ድረስ የባሕር ቅጠል ሾርባ አልቀመሰችም፤ በልደቷ ቀን እንኳ፣ ሁሉም በየልደቱ በሚበላበት አገር። አንድ ጊዜ ለማልሱን «በእጄ አበላሁት» ብትላት፣ ማልሱን «ቅጠሉን ያመጣሁት እኔ፤ ገመዱን ያልተሻገርኩት እኔ» አለቻት። ሁለቱ አሮጊቶች ኡቾል ያሰጣውን እያዩ እስኪመሽ ተቀመጡ። 

ማልሱን አሁን ጡረታ ወጥታለች። ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት፤ እንዳለችው እነሆ፦

«ሾርባውን አልነቅፍም፤ ለአራስ በልክ ስጧት። ግን ስለ አንድ ሕፃን 'አያለቅስም፣ ጨዋ ነው' ሲባል ከሰማችሁ ደስ አይበላችሁ። ሂዱና እዩት። በሩ ላይ ገመድ ቢኖር፣ ቢሰድቧችሁም ቢረግሟችሁም፣ እባካችሁ ጎንበስ ብላችሁ እለፉ።»