መኪና ስር የተለማመድነው የአንጎል ምርመራ

ይህን ብትሰሙኝ አትከስሩም። የሰመራው ሹፌር ጋሽ ሰይድ ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በፊት ኤምአርአይ ታዘዘላቸው፤ የማሽኑን ጩኸት ፈርተው ጥለው ወጡ። ምርመራው ከሌለ ደግሞ ሕክምናው የለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ እኔ የምሠራበት ጋራዥ ሲመጡ ስለ ምርመራው ያነበብኩትን ተነተንኩላቸው።

«ሐሳብዎን አያነብም ጋሼ። ጣትዎን ሲያንቀሳቅሱ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ ያሳያል፤ ሐኪሙ ያን ቦታ እንዲጠነቀቅለት። ብቻ ራስዎን አያነቃንቁ፣ እንቅልፍም እንዳይወስድዎ።»

«በዚያ ጩኸት ማን ይተኛል ወላሂ?»

ለልምምድ የቆመ መኪና ስር አስተኝቻቸው፣ ጩኸቱን እንዲለምዱ የመኪናውን የታች ብረት፣ ሻንሲውን፣ በመዶሻ ደበደብኩ። «ጣት!» ስል ያንቀሳቅሳሉ። ትንሽ ቆይቶ ጣታቸው መንቀሳቀሱን አቆመ። ክንዴ ዝሎ መዶሻውን ሳሳርፍ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ጮኹ፦

«ማነው ሞተሩን ያጠፋው? ሰመራ ደረስን እንዴ?»

ቀጠሮ ያላችሁ ሞክሩት፤ ሹፌር ከሆናችሁ ግን ቀስቃሽ ያዙ።