ግልባጭ፦ ለአሰልጣኙ

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የሚገባውን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቼ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት ነበር ሥራዬ። ስምና ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ከመጣ ግን አለቃዬ ሁለት መስመር እንኳ ሳያነቡ ወደ ጎን ያስቀምጡታል። «ጻፊው ራሱ ያላመነበትን እኔ ምን ላድርገው?» ይሉ ነበር። እኔም ይህ ነገር አጥንቴ ውስጥ ገባና ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት የምተወውን ማስታወሻ እንኳ ሳልፈርምበት ሰጥቼ አላውቅም።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ እዚህ ሚኒያፖሊስ ለደረሰብኝ ጭንቀት መነሻው እሱ ስለሆነ ነው። ሰው ሁሉ በቅጽል ስም ተደብቆ በሚጽፍበት ድረ ገጽ ላይ እኔ ለዓመታት የለፈለፍኩትን በሙሉ ስሜ፣ እስከ አያቴ፣ ፈርሜበታለሁ።

ነገሩ የመጣው በኳስ ነው። የኛው ኳስ አይደለም፤ በእጅ የሚያዘው፣ እንቁላል የሚመስለው የአሜሪካ ፉትቦል። በሽተኞችን በቫን ወደ ሕክምና አመላልሳለሁ። ከማመላልሳቸው አንዱ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ከእኛ አፓርታማ ትንሽ አለፍ ብሎ የሚኖሩ ነጭ ሽማግሌ ነበሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት እወስዳቸዋለሁ፤ አንዱ ቀን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይጫወታል። «ሬዲዮውን ከፍ አድርገው» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ቀስ በቀስ ሕጉን አስተማሩኝ፦ አራት ሙከራ አለህ፣ በአራቱ ኳሷን ዐሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለብህ፣ አራተኛው ላይ የፈራ አሰልጣኝ ኳሷን በእግር አስለግቶ ለተጋጣሚው ያስረክባል። የኛ አሰልጣኝ ሁልጊዜ ይፈራ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እኔ ከሽማግሌው ብሼ መሪውን በጥፊ እየመታሁ የምናደድ ሰው ሆንኩ።

ባለሙያዎቹ የሚጫወቱበትን ሊግ ብዙም አልወደውም። የኮሌጆቹ ልጆች ሰኞ ፈተና እያለባቸው ቅዳሜ በስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት ኳስ ያመልጣቸዋል፤ እንደዚያ ያለውን ልጅ ስሙን ጠርቼ «አይዞህ» እላለሁ። አሁን አሁን ለልጆቹ ክፍያ መጥቶ በየዓመቱ ቡድን መቀያየር ጀመሩ ብለው ሽማግሌው ይማረሩ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ያ ሁሉ ሰው በእነሱ ላብ ሲበላ ኖሮ እነሱ ሲበሉ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በዚህ ጉዳይ ከሽማግሌው ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ተኳርፈናል፤ መኳረፍ ከተባለ፣ ቫኑ ውስጥ እየተሳሳቅን ማለት ነው።

እሳቸው ሲሞቱ የምከራከረው ሰው አጣሁ። ባለቤቴ «ሰው በሰው ላይ ሲከመር ምኑ ነው ደስ የሚልህ?» ከማለት አታልፍም። አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት ልጃችን ደግሞ ከስልኳ ቀና አትልም። ስለዚህ ሽማግሌው የነገሩኝን የደጋፊዎች ድረ ገጽ ከፍቼ መጻፍ ጀመርኩ።

እንዴት እንደሚጻፍ ማንም አልነገረኝም። ሌሎቹ «ይባረር!» ብለው በአንድ ቃል ያልፋሉ። እኔ የማውቀው አንድ አጻጻፍ ነው፤ እሱኑ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ በአራተኛው ሙከራ ስለሚታየው ፍርሃት» ብዬ እጀምራለሁ። «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» እላለሁ። ሐሳቤን በሦስት አንቀጽ እዘረዝራለሁ። «ከሰላምታ ጋር» ብዬ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ። ከዚያ በታች ደግሞ፦ «ግልባጭ፦ ለአሰልጣኙ»።

ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቆይቶ ግን ቅዳሜ ጨዋታው እንዳለቀ «የኮሎምቢያ ሃይትሱ ደብዳቤ መጣ?» ብለው የሚጠይቁ በዙ። ሰው ሲሰማህ ደግሞ አፍህ ይፈታል። ከኳስ ወደ ታሪክ ተሻገርኩ። አሰልጣኛችንን ከነገሥታታችን ከአንዱ ጋር አወዳደርኩት፤ ስማቸውን እዚህ አላነሣም፣ እዚያ ግን ከነማዕረጋቸው አንሥቼዋለሁ። ከጥንቶቹ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ውስጥ ማን አጥቂ፣ ማን ተከላካይ ሆኖ ቢሰለፍ እንደሚያዋጣ ሙሉ ዝርዝር አውጥቻለሁ። ምርጫ ሲደርስ ደግሞ በሥልጣን ላይ ያሉትን ተራ በተራ እያነሣሁ፣ ይሄኛውን ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ አላስቀምጠውም፣ ያኛዋ ድምጿ እንጂ እግሯ አይሮጥም እያልኩ ዘባረቅሁ። ግልባጩም አደገ። ለአሰልጣኙ፣ ለአገረ ገዢው፣ አንዳንዴም ለፕሬዚዳንቱ። በጭራሽ አልላክሁላቸውም፤ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ጎዶሎ ስለሚመስለኝ ብቻ ነው።

ከዚያ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀጠሮዬ መጣ።

ባለቤቴ ዜግነቷን ካገኘች ቆይታለች። ልጄ እዚሁ ተወልዳለች። ከሦስታችን በመኖሪያ ፈቃድ፣ በግሪን ካርድ የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ፤ ነገ ዛሬ እያልኩ ያጓተትኩት ራሴ ነኝ። በዚያው ሰሞን ብሩክሊን ፓርክ መጋዘን የሚሠራ ጓደኛዬ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ወንድሜ፣ ኢንተርኔት ላይ የጻፍከውን ሁሉ ቼክ ያደርጋሉ አሉ። ስምህን ሰርች ያደርጉና ፕሪንት አድርገው ፊትህ ያስቀምጡልሃል። አንተ ደግሞ አፍህን አውቀዋለሁ።» እውነት ይሁን ወሬ አላውቅም፤ ከማን እንደሰማው እሱም አያውቅም። መልእክቱን የሰማሁት ሴንት ሉዊስ ፓርክ አንዲት በሽተኛ እየጠበቅሁ ነው። ወዲያው ስሜን ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ገጹ በሙሉ እኔ ነኝ። ከላይ እስከ ታች ጉዳዩ፣ ጉዳዩ፣ ጉዳዩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። ቃለ መጠይቅ የሚያደርገኝ የኢሚግሬሽን መኮንን የታተመ ወረቀት ከፊቴ ሲደረድር ይታየኛል። «ለፕሬዚዳንቱ ግልባጭ ልከዋል?» ሲለኝ ይሰማኛል። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ልጄ ምረቃዋን ያለ አባት ብታደርግስ? ወደ ሥራ እንደወጣ በኢሚግሬሽን ተይዞ ያልተመለሰ ሰው ወሬ በየቀኑ የምንሰማበት ጊዜ ነበር፤ ከቫኑ ኋላ መኪና ጠጋ ካለኝ መንገድ ለቅቄ አሳልፈዋለሁ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ለልጄ ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠችና ማጥፋት ጀመርን። አንድ በአንድ ነው የሚጠፋው። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ «አጥፊው» እላለሁ። ነገሥታቱ ጋ ስትደርስ በሳቅ ፈረሰች። «ዳድ፣ ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የጻፍከው? በጣም ያስቃል እኮ» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ። እኔ አልሳቅሁም። ሌላ ጭንቀት ደግሞ መጥቶብኝ ነበር፦ እኛ መዝገብ ቤት ከፋይል ውስጥ ወረቀት ገንጥሎ ማውጣት ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት ነው። ቢኖር ያስጠይቀኛል፣ ባይኖር ደግሞ የት አደረስከው ልባል ነው።

ወደ መጨረሻው ላይ ማንበቧን አቆመች። «ጉዳዩ፦ ስለ አንድ ደጋፊ ማረፍ» ይላል። በዝምታ አነበበችው፤ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። በዚያ ቅዳሜ ቫኑ ባዶ እንደነበር፣ ሬዲዮውን ግን ከፍ አድርጌ እንደነዳሁ፣ ቡድኑ ማሸነፉን የምነግረው ሰው እንዳልነበረ ጽፌአለሁ። ከሥሩ የማላውቃቸው ሰዎች አጽናንተውኛል።

«እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?» አለችኝ።

«የማመላልሳቸው ሰው ነበሩ።»

«ነግረኸኝ አታውቅም።»

ነግሬያታለሁ፤ ጆሮዋ ውስጥ ያ የማዳመጫ ነጭ ሽቦ ነበር። ግን እሱን አላልኳትም።

«ይሄንንም ላጥፋው?»

«አጥፊው፤ ስሜ አለበት።»

አጠፋችውና ኮምፒውተሯን ዘግታ ወደ ክፍሏ ሄደች። የቀሩትን ጥቂቶች ራሴ አጠፋኋቸው። ስሜን እንደገና ስፈልግ ምንም አልወጣም። እፎይ ልል አስቤ ነበር፤ ግን ሦስተኛ ጊዜ ፈለግሁት።

የቀጠሮው ጠዋት ባለቤቴ ነዳችልኝ። መኮንኗ እህቴን የምታህል ሴት ነበረች። ቀኝ እጄን አንሥቼ እውነቱን ብቻ እናገራለሁ ብዬ ማልሁ። የአሜሪካን ታሪክ ጥያቄ መለስኩ፣ የታዘዝኩትን አነበብኩ፣ ጻፍኩ። ከፊቷ ያለው ማህደር ወፍራም ነበር፤ ገጽ በገለጠች ቁጥር አንገቴን አሰግጌ አያለሁ። የታተመ ደብዳቤ አልወጣም። ማህደሩን ዘጋችና ቡናዋን አነሣች። ኩባያው ላይ የቡድናችን ዓርማ አለ።

«የቅዳሜውን ጨዋታ አዩት?» አለችኝ ፈገግ ብላ።

ይኸው መጣ አልኩ በልቤ። ይቺ ናት ወጥመዷ።

«ፉትቦል አላውቅም» አልኳት።

«ምንም አልቀረብዎትም» አለችና ሳቀች። ውሳኔው በፖስታ እንደሚደርሰኝ ነግራኝ ሸኘችኝ።

መኪናው ጋ ስደርስ ነው የባነንኩት። ምዬ ዋሽቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጥያቄ አንዲት ቃል ሳላጎድል እውነቱን ተናግሬ፣ ማንም ባላስገደደኝ ነገር ዋሸሁ። ያውም በምኑ! ባለቤቴ ስትሰማ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ሰው ስንቱን ደብቆ ያልፋል፣ አንተ ኳስ ትደብቃለህ?» ከዚያ ፊቴን አየችና መሳቋን ተወች። ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። በሳምንት ሦስት ቀን እየደጋገሙ ያስተማሩኝን ሁሉ «አላውቅም» ብዬ ካድኩት። አፈርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ላለመክፈት ወስኜ ነበር። አልቻልኩም። ልጄ ሶፋው ጫፍ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አራተኛው ሙከራ መጣ። እንደ ልማዱ ያስለጋታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አላስለጋም። ያ ፈሪ አሰልጣኝ ልጆቹን ወደፊት ላካቸው፣ ዐሥሩም ያርድ ሞላ! ብድግ ብዬ ጮኽኩ። እጄ ወደ ስልኬ ሄደና ትዝ ሲለኝ መለስኩት።

ግን አፌን ማን ይይዘዋል? ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ለልጄ ለፈለፍኩላት። ፈሪ የምንለው ሰው አንድ ቀን ሊደፍር እንደሚችል፣ እኚያ ስማቸውን የማላነሣው ንጉሥ ሳይደፍሩ እንደቀሩ፣ ሽማግሌው ይህን ሳያዩ መሄዳቸው እንደሚቆጨኝ። እሷ ስልኳ ላይ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች። እየሰማችኝም አልመሰለኝ።

ስጨርስ ስልኳን ሰጠችኝ። የደጋፊዎቹ ገጽ ነው። «ጉዳዩ፦ ዛሬ በአራተኛው ሙከራ ስለታየው ድፍረት።» ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ይላል። ያልኩትን ሁሉ፣ ከነንጉሡ፣ ከነሽማግሌው፣ በሦስት አንቀጽ አስፍራዋለች። ከሰላምታ ጋር። ከዚያ የእሷ ስም፣ ቀጥሎ የእኔ፣ ቀጥሎ የአባቴ። ኮሎምቢያ ሃይትስ።

«አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው!»

«ለምን?»

«ስሜ አለበት ብዬሻለሁ!»

«ዳድ፣ ስሜ ነው እኮ» አለችኝ። «የኔ ስም ነው።»

ስልኩን ልመልስላት ስል ከስሞቹ በታች ቅድም ያላየሁት አንድ መስመር አየሁ። «ግልባጭ፦ ለአባቴ» ይላል።

መዝገብ ቤት ግልባጭ የደረሰው ሰው «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርማል። ካልፈረመ ደብዳቤው እንደጠፋ ነው የሚቆጠረው። ከኢሚግሬሽን የምጠብቀው ፖስታ አልመጣም፤ ይህን ስጽፍም አልመጣም። ስልኬን አወጣሁና ከደብዳቤዋ ሥር፣ እዚያ ገጽ ላይ ማንም በማያነበው በራሳችን ፊደል «ደርሶኛል» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። የአያቴን ስም ሁለቴ ማረም ነበረብኝ።