በቅናት የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

አርባ ምንጭ ሴቻ ባለው ደብራችን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዝሙር ለስድስት ዓመት የመራሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ቤታችን አማርኛ ሲሳሳቱ እህል እየታኘከም ቢሆን የሚታረምበት ቤት ነበር። ለመሪነት የተመረጥኩትም ቃሉን አጥርቼ ስለምናገር ይመስለኛል። ድምፄ ደህና ነው። ደህና ብቻ መሆኑን ያወቅኩት ግን እሷ የመጣች ቀን ነው።

ከጨንቻ የወረደች የሸማኔ ልጅ ናት። ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የአትክልት ቦታ የተቆረጠ ሙዝ እየለየች ለጭነት ታዘጋጅ ነበር። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት ይምታታባታል። ቄሱ ሲገቡ "አባ መጣች" ትላለች። እኛ እንስቃለን፤ እሷም አብራን ትስቃለች።

አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ መዝሙር አስጠኚያችን፣ ጡረታ የወጡ ደግ ሰው ናቸው፣ "እስቲ አንቺ ብቻሽን ሞክሪው" አሏት። ጀመረች። ከበሮ መቺው መምታቱን ረሳ። ውጭ ግቢ የሚጠርጉት እናት መጥረጊያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። መዝሙሩ እኔ በየዓመቱ የምመራው ነበር፤ ቃሉን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ግን እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ከእሷ ላይ አልነሣ አለ። የነጠላዋን ጫፍ አያለሁ፤ የተሰነጠቀ ተረከዟን፣ የሙዝ ፈሳሽ ያጠቆራቸውን ጣቶቿን አያለሁ። አንድ የሚያስጠላ ነገር ባገኝባት እፎይ የምል ይመስለኝ ነበር። ቤት በሬን ዘግቼ እሷ የምትስበውን ዜማ ልስብ ስሞክር እናቴ ከጓዳ "ምነው፣ ጉሮሮሽን አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። አለቀስኩ።

የዓመቱ ንግሥ ሲቃረብ አስጠኚያችን ወደ ጎን ወስደው፣ "ዘንድሮ እሷ ትምራው፤ አንቺ ትንንሾቹን ያዢልኝ" አሉኝ።

"ደስ ይለኛል፣ ጋሼ" አልኳቸው።

በዚያው ሳምንት ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ስወርድ አየኋት። ሙዝ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣለች። እጇ እጁ ውስጥ ነው፤ በሆነ ነገር ይሳሳቃሉ። መኪናው አልፎኝ ሄደ። ያየሁት ይኸው ነው፤ ያየሁትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ነገርኩት። "ለእሷው አዝኜ ነው" አልኩ። "ከአንድ ሹፌር ጋር ሁልጊዜ አያታለሁ። በዚህ ሁኔታ ሕዝብ ፊት ቆማ ብትዘምር ነገ ስማችን ምን ይሆናል?" ሁልጊዜ የሚለው ቃል ከአፌ እንዴት ቀልሎ እንደወጣ እስካሁን ይገርመኛል።

አዳራሽ ውስጥ ጠሯት። ሰባት ሆነን ተቀምጠናል፤ እሷ ቆማለች። እኔ ጸሐፊ ስለነበርኩ ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ሰብሳቢው፣ "እኅታችን፣ ከአንድ ሰው ጋር በየመንገዱ ትታያለሽ ይባላል። እውነት ነው?" አላት።

"እውነት ነው" አለች ሳትፈራ። "ልታገባኝ ነው። ሽማግሌ ልካለች።"

"ማናት እሷ?" አለ አንዱ።

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን በዚያ ቀን አብራን አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጠች፣ "ሽማግሌ... ልኳል። አባቴ... እሺ ብሏል" አለች። ፊቷ ላይ ላብ ነበር።

"ቤተ ክርስቲያን መች አወቀችው? ሥርዓት እስክትፈጽሚ ከአገልግሎት ታግደሻል። የመዘምራኑን ልብስ መልሺ" ተባለች።

"እግዚአብሔርም እንዲህ አለ?" ብላ ጠየቀች። ለክርክር አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔ አንገቴን ደፍቼ እጽፍ ነበር።

ለንግሡ እኔ መራሁ። ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እልል አለ፤ ለታቦቱ እንጂ ለእኔ አልነበረም። በሕዝቡ መካከል ስፈልጋት ከግቢው አጥር ውጭ፣ ጧፍ ከሚሸጡት ሴቶች ኋላ ቆማ አየኋት። ሁሉም ሲቀበል የእሷ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። እንዳልዋሽ፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል። ደስታው ግን ቤት እስክደርስ አልቆየም። ቦታዬ ተመልሶልኛል፤ ድምፄ ግን ያው የድሮው ነበር፤ አሁንም የማስበው እሷ ብትሆን እንዴት ትለው እንደነበር ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሴ ላይም ጠፋች። ወራት ካለፉ በኋላ ሙዝ ልገዛ በሚል ሰበብ ወደ ኩልፎ ወረድኩ። ገና ከሩቅ ሰማኋት፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሙዝ እየለየች በጋሞኛ ትዘፍናለች። ልቤ እንደገና ያንኑ ነገር አደረገ። ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩ ሰው ቆሜ በድምፅዋ ቀናሁ።

ስታየኝ ዘፈኗን አቆመች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨበጠችኝ።

"የነገርኳቸው እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ስትጽፊ ቀና ብለሽ አላየሽኝም።"

"ያየሁሽ አንድ ቀን ነው። ሁልጊዜ ብዬ ዋሸሁ። ቀንቼብሽ ነው።"

"በምኔ?" አለች። የምሯን ነበር። ጣቶቿን፣ ጭቃ የነካውን ጫማዋን ተመለከተችና መልሳ እኔን አየችኝ።

"በድምፅሽ።"

የሙዝ ቅጠል አንጥፋ አስቀመጠችኝ። "አሁን መዝሙር አይመጣልኝም" አለችኝ። "ዘፈን ይመጣል። ጠዋት አባታችን ሆይ ብዬ እጀምራለሁ፤ ያኔ የሳቃችሁት ይሰማኛል። እግዚአብሔርን በየቱ ነው የምጠራው፣ አንተ ብዬ ነው ወይስ ተሳስቼ አንቺ ብዬ? እያልኩ አስባለሁ። ከዚያ እተወዋለሁ።"

ከዚህ የከፋ ነገር ሰው ተናግሮኝ አያውቅም። ብትሰድበኝ በቀለለኝ። ያገድናት ከአንድ ልብስ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ተቆጣ፤ "ነገሩ ካለፈ በኋላ ምን ያደርጋል?" አለ። አስጠኚያችን ግን ባርኔጣቸውን አንሥተው በዚያው ሰዓት ወደ ኩልፎ ወረዱ። ይቅርታ ጠይቀዋት፣ ልብሱን በእጃቸው ሰጧት። አጣጥፋ መለሰችላቸው። "ጋሼ፣ አልተቀየምኩም። ግን እፈራለሁ" ነው ያለቻቸው። እኔ መሪነቱንም ጸሐፊነቱንም ለቀቅኩ።

እሷና ሹፌሩ አባቷ አገር ጨንቻ ወጥተው ተጋቡ። ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ለክርስትናው ጠራችኝ። ለምን እንደጠራችኝ አላውቅም፤ ሄድኩ። ጉም ነበር፣ ብርድ ነበር። ባሏ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልሎ ይዟል፤ በየደቂቃው ጎንበስ እያለ ፊቷን ያያል። እሷ ሽማግሌ አባቷ የሸመነውን አዲስ ነጠላ ለብሳለች። በዚህም ቀናሁ፤ ምን ላድርግ፣ ይህ አመል እንዳለቀቀኝ እንድታውቁ ነው የምናገረው።

ሕፃኗ ተጠምቃ ምእመናኑ ሲቆርቡ እሷ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ቆማ ነበር። ስንወጣ አብረን ቁልቁለቱን ወረድን።

"ወደ ሴቻ ደብራችን ትመለሻለሽ?" አልኳት።

"እሷን በየሳምንቱ ላቆርባት አመጣታለሁ" አለች፣ ሕፃኗን በዓይኗ እያሳየችኝ። "እኔ ገና ነኝ።"

ቤታቸው ቆጮ በቅቤ አቀረቡልን። ከጎኗ ተቀምጬ በላሁ። አንድም ጊዜ ፊቷን አላጠቆረችብኝም፤ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው መኪና ላይ ስሳፈርም ደህና ግቢ ብላ ሸኘችኝ።