ለመምህር ዳዊት ያልመሰከርኩለት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ እዘለው ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ለቡ ነበር የምንኖረው። ዳዊት የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ለእኛ ለቤት እመቤቶች በነጻ ያስተምር ነበር። ቀመር የለ፣ ስሌት የለ። ድስት ሲፈላ ክዳኑ ለምን እንደሚነሳ፣ ነጎድጓድ ከብልጭታው ለምን እንደሚዘገይ በምናውቀው ነገር ያስረዳናል። ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ትልቅና ትንሽ ድንጋይ ይዞ "እኩል ብለቃቸው የትኛው ይቀድማል?" አለ።

"ትልቁ ነዋ!" አልኩ ፈጥኜ።

ለቀቃቸው። እኩል ወደቁ። ጎረቤቴ አልማዝ "እትዬ ዘውዴ፣ ድንጋዩ እርስዎን አልሰማም!" ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሱም ፈገግ አለ። እኔ የማርያም ማኅበራችን ሰብሳቢ ነበርኩ። ያንን ፈገግታ ይቅር አላልኩም።

በሳምንቱ ስለ መብረቅ አስተማረ። መብረቅ ከፍ ያለውን ይመታል፣ ዛፍም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፤ ስለዚህ ከጉልላቱ ወደ መሬት ሽቦ ይወርድለታል፣ ሕንፃውም ሰውም ይተርፋል አለን። ገብቶኛል። በደንብ ገብቶኛል። ማኅበር ላይ ግን "ያ ልጅ ከመስቀል ሽቦ ይሻላል ብሎ አስተማረን" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

አንዷ አማተበች። ሌላዋ "ጴንጤ ሳይሆን አይቀርም" አለች። እሑድ እሑድ ሲያስቀድስ በዓይኔ የማየው እኔ፣ ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ሴት እንኳ አልመጣለትም። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው የአዳራሹን ቁልፍ ተቀበለው። ሰፈሩንም ለቀቀ።

ክረምት ላይ የተበጠሰ የመብራት ሽቦ የቆርቆሮ አጥራችን ላይ ወደቀ። ልጄ ሰብለ ቆርቆሮውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ልይዛት ስሮጥ መምህሩ ያስተማረን ትዝ አለኝ፦ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ አትንኩ፣ በደረቅ እንጨት ነው። በረንዳ ላይ በነበረ ደረቅ አጣና ሽቦውን ገፍቼ ጣልኩት። ሰብለ ወደቀች፤ ተነፈሰች። ዛሬ የልጆች እናት ናት፣ ተመስገን።

ሴቶቹ "በእንጨት መሆኑን እንዴት አወቅሽ?" አሉኝ።

"መልአኩ ነገረኝ" አልኩ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜም ይህንኑ መሰከርኩ። እልልታው ቀለጠ። በእግዚአብሔር ቤት፣ በልጄ ነፍስ ዋሸሁ። እግዚአብሔር በዚያ ሰው በኩል አተረፈልኝ ብል እምነቴን ምን ይጎዳው ነበር? ምንም። የሚጎዳው እኔን ነበር፤ በእሱ ላይ ያወራሁት ሐሰት ይገለጥ ነበር።

አላወቅሁም ነበር አልልም። አውቅ ነበር። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የእሱ ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁም።