ከሥር ያለችው ሳጥን

ያን ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ሳለ ይዘንብ ነበር፤ ልጆች ሳለን «ጅብ ወለደች» እያልን የምንጨፍርበት ዓይነት ዝናብ። እኔ ግን እንኳን ልጨፍር፣ ያበጠው እግሬ ጫማ አልገባም ብሎኝ እየታገልኩ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ቤት ቆሜ ስተኩስ የምውል ሴት ነኝ፤ ሰኞ ደግሞ የዕረፍት ቀኔ ነው። እሱንም ለታናሽ እህቴ ሰጠሁት። «አብረሽኝ ካልመጣሽ እግሬ አይሄድልኝም» አለችኝ፤ የኔ እግር መቼ ሄዶልኝ እንደሚያውቅ የጠየቀ የለም።

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ ሽቅርቅሯ ነው የሚላት። የነካችው ነገር ካላማረ እንቅልፍ አይወስዳትም። ተማሪ ሳለች የደብተሯን ጠርዝ አበባ በአበባ ሳታደርግ አንድ ፊደል አትጽፍም ነበር። ስታድግ የሴቶች ፀጉር ቤት ገብታ ጥፍር ሠሪ ሆነች። እጇ የተባረከ ነውና ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቃት ነበር። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ የማጣበቂያው ሽታ ደረቷን ያፍናት ጀመር። ሐኪሙ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፤ «ወይ ሥራሽን ወይ ሳንባሽን ምረጪ» አላት።

በዚህ ጊዜ ነው ድረ ገጽ መሥራት የተማረችው። እኔ ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝና «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብዬ ስጠይቃት፣

«ያው ጥፍር ነው፣ እትዬ። ሽታ የሌለው ጥፍር» ትለኛለች።

የመጀመሪያ ሥራዋን የሰጣት የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ባለቤት ነው። ከሠልጣኝ ጎን ተቀምጦ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ ሲጮኽ ስለኖረ ጋሼ ፍሬን ይባላል። ሰው በስልኩ የሚመዘገብበት ገጽ እንድትሠራለት ፈልጎ፣ «ሰኞ ምዝገባው ያለ ችግር ከሄደ እዚህ ቋሚ ወንበር አለሽ። ካልሄደ ግን እኔም ወደ ወረቀቴ፣ አንቺም ወደ ጥፍርሽ» ብሏታል። እሱ ቀልዱን ነው፤ እኛ ግን ወደ ጥፍር መመለስ ምን ማለት እንደሆነ እናውቅ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሥራውን አሳየችኝ። ስም መጻፊያውን ስትነኪው ጠርዙ ሰማያዊ ይሆናል፤ ስልክ ቁጥር ከጎደለ በቀይ ይቆጣሻል። ከታች «ደንቡን ተቀብያለሁ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷ ላይ ራይት ካልተደረገ «መዝግበኝ» የሚለው ቁልፍ ግራጫ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቢነኩትም አይሰማ። ይህን ሁሉ የሚያዘው ጃቫስክሪፕት የሚሉት ነገር ነው አለችኝ። እንደ ቤት አዛዥ ነው፤ አንተ ቁም፣ አንቺ ቀለም ቀይሪ ይላቸዋል።

«ሁሉንም ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ይቺ ሳጥን ብቻ ናት ያስጠላችኝ» አለች።

«ምን አደረገችሽ?»

«አታዪያትም ስትገረጣ? ሌላ ቆንጆ እሠራላታለሁ።»

የሚሠራ ነገር አትነካኪ ልላት አስቤ ተውኩት። እሷን ከማስጌጥ ከልክሎ የተሳካለት እስከ ዛሬ የለም። ብዙም ሳትቆይ ክብ የሆነች፣ ሲነኳት ብድግ ብላ አረንጓዴ የምትሆን ሳጥን አሳየችኝ። እናቴ ትሙት፣ ታምራለች። ሁለታችንም አጨበጨብንላትና ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

እና ሰኞ ጠዋት በዝናቡ ውስጥ ገባን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሼ ፍሬን ክራቫት አስሯል። «በሉ፣ ስልካችሁን አውጡ!» አለ። ሁሉም ስሙን ጻፈ፣ ሳጥኗን ነካ። ሳጥኗ አረንጓዴ ሆነች። ቁልፉ ግራጫ እንደሆነ ቀረ።

«እኔ ጋ እምቢ አለ።»

«እኔም ጋ።»

ጣቶቿ ላይ ረጃጅም ጥፍር ያስለጠፈች ደማቅ ሴት ከፊት ተቀምጣ፣ «ጋሼ፣ ገና ሳንነዳ ፍሬን አስያዙን እንዴ?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቢሮ ውስጥ ያለው ስልክም ከየቤቱ በሚደውል ሰው ይጮኽ ጀመር።

ጋሼ ፍሬን ወደ እህቴ ጎንበስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ ማርሹ ግን አልገባም። እስከ ምሳ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወረቀት አድላለሁ» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ግን ተሰልፎበታል።

እህቴ ኮምፒውተሯን ከፍታ ቁልፉን ነካካችው። ቀለሙን ለወጠች፣ ያው ነው። ደረቷ ሲያፏጭ ከጎኗ ሆኜ ይሰማኛል። እኔ ምን ላድርግ፤ ውኃ አቀበልኳት።

ያቺ ደማቅ ሴት ቁልፉን በጥፍሯ ጠቅ ጠቅ ስታደርገው ቆይታ በድንገት «ውይ! ጥፍሬ!» አለች። ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። እህቴ ያን ሁሉ ጭንቀት ትታ የሴትዮዋን እጅ አፈፍ አደረገች። የለመደ እጅ አይቀመጥም።

«ማነው እንዲህ የሠራልሽ? የራስሽን ጥፍር ጭራሽ አልያዘውም እኮ! ላይ ላዩን ብቻ…»

ቃሏን ሳትጨርስ፣ እጁን እንደያዘች ዞራ አየችኝ።

«እትዬ፣ እኔም እንደዚሁ ነው የሠራሁት!»

ነገሩ ይህ ነበር። ያችን የገረጣች ሳጥን ደብቃ፣ በቦታዋ ቆንጆዋን ሥላ አስቀምጣለች። ሰው የሚነካው ሥዕሏን ነው፤ አረንጓዴ የምትሆነውም ሥዕሏ ናት። ቁልፉ ግን የሚጠይቀው እውነተኛዋን ነው። እሷን ደግሞ ማንም አልነካትም፤ ጨለማ ውስጥ ባዶዋን ተቀምጣለች።

«ማጣበቅ ነው ያለብኝ» እያለች ጻፈች። እውነተኛዋን ከተደበቀችበት አወጣችና እንደ መስታወት አሳልፋ የምታሳይ አድርጋ ከሥዕሏ በላይ አስቀመጠቻት። አሁን ጣት የሚያርፈው እውነተኛዋ ላይ ሆነ። ሥዕሏም ቁልፉም እሷን እያዩ እንዲለወጡ አዘዘቻቸው።

«ገጹን እንደገና ክፈቱት» አለች።

ደማቋ ሴት ጥፍር በሌለው ጣቷ ሳጥኗን ነካቻት። ሳጥኗ አረንጓዴ ሆነች። ቁልፉ ነቃ፣ ብርቱካን መሰለ። እሱንም ተጫነችው።

«መዘገበኝ!»

«ነዳጅ ስጡት!» ብሎ ጮኸ ጋሼ ፍሬን፤ ከማስቆም ሌላ ማስነዳትም እንደሚያውቅበት ያየሁት ያኔ ነው። ምሳ ሳይደርስ ወንበር ከቢሮው ጎትቶ አምጥቶ መስኮቱ ሥር አኖረላት። «ሳጥኗን ግን ከእንግዲህ ሰኞ ዋዜማ አታኳኩያት» አላት።

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። ውሸቷን ነው።

ለዚያች ሴት ጥፍሯን ደግማ ልትሠራላት ተነስታ ነበር፤ እኔ ነኝ በዓይኔ የከለከልኳት።

እህቴ አሁንም እዚያው ማሠልጠኛ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሠራለች። ደረቷ ማፏጨት ትቷል። እኔ አሁንም እተኩሳለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ምሳ አብረን እንበላለን።