አዴ ጫልቱ ያልሸጡት ችግኝ

አባቴ ባለፈው ቅዳሜ ፉሪ ለሚገኘው አዲሱ ቤታችን አጥር ይሆናል ብሎ የቀይ ባሕር ዛፍ ችግኝ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ሳወርድ አንዱ ቅጠል እጄ ላይ ተቀጠፈና ያ ሽታ ወጣ፤ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው፣ አፍንጫ ከፍቶ ዓይን የሚያስለቅሰው። አሽትቼ ሳልጨርስ ቡራዩ ደረስኩ። ስምንት ዓመቴ ነው፣ እግሬ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ የአዴ ጫልቱ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ቆሜያለሁ።

ያኔ ቡራዩ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እናትና አባቴ በጠዋት ታክሲ ተጋፍተው አዲስ አበባ ሥራ ሲሄዱ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው ከግቢያችን ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ አዴ ጫልቱ ጋ ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። በጋ ክረምት የማይለያቸው የሟች ባላቸው ካፖርት ነበር። ቢጫ ጀሪካን በሚስማር በሳስተው ውሃ ያጠጡበታል፤ አፈር የተሞሉት ጥቋቁር ከረጢቶች በሣር ዳስ ሥር በመደዳ ተደርድረዋል፤ እንጨት ላይ የተንጠለጠለች ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ በኦሮምኛ ታወራለች። እሳቸውም ይመልሱላታል፣ ብዙውን ጊዜ በቁጣ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤታችን አጥር የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሬ እየሮጥኩ ሄድኩባቸው። በየቅጠሉ መሃል፣ ጅማቱ ላይ፣ ምስር የሚያካክሉ ሮዝ ነገሮች ያብረቀርቃሉ። ፍሬ መስለውኝ! እየለቀምኩ ሦስት ከረጢት ውስጥ ዘራኋቸው፣ አጠጣኋቸው፣ በየቀኑ አጎንብሼ ጠበቅኋቸው። አዴ ጫልቱ ሳምንት ሙሉ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ከተረፈው ቅርንጫፍ ላይ አንዷን በምላጭ ሰነጠቁ። ውስጧ ነጭ ትል ተኝታለች። ጮህኩ።

«አትጩኺ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቤቷ ድረስ የገባሽባት አንቺ ነሽ።»

ነገሩኝ። እናቲቱ ከቁንጫ የምታንስ ተርብ ናት። ለጋውን ቅጠል ወግታ እንቁላሏን ትጥልበታለች። ቤቱን ግን እሷ አትሠራውም። የተወጋበትን ቦታ እያሳበጠ ግድግዳ የሚያቆመው፣ ትሏንም ከገላው የሚቀልባት ዛፉ ራሱ ነው። የራሱን ማደግ ትቶ!

«ለምን እምቢ አይልም?» አልኳቸው።

«በምን አፉ?»

ቅጠሎቹን የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተው፣ አፉን በሻሽ አስረው ሰጡኝ። ከቀናት በኋላ እብጠቶቹ በመርፌ የተወጉ መስለው ተበሱ፤ ጥቋቁር ነጥቦችም መስታወቱ ላይ ይራመዱ ጀመር። «ይኸው፣ የዘራሽው በቀለልሽ!» ብለው ሳቁብኝ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ክረምት ሊገባ ሲል ግን የራሳቸው ችግኞች ማበጥ ጀመሩ። የዓመት ልፋታቸው ነው። የሚያፈስሰውን ጣሪያቸውን የሚያስቀይሩት እነዚያን ሸጠው ነበር። ደንበኛቸው፣ ችግኝ እየገዛ ለሱሉልታ ገበሬዎች የሚያከፋፍለው ነጋዴ፣ መኪናውን አቁሞ ሊጭን ሲል እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት።

«ላኪ!» አሉት በኦሮምኛ፤ «አይሆንም። ታመዋል።»

«እማማ፣ ትንሽ አበጥ ቢል ምናለበት? ከተተከለ በኋላ ማን ያየዋል?»

«እኔ አየሁታ።»

«ገበሬው እንደሆነ አያውቀውም!»

«ለዚያ ነው የማልሸጥለት።»

ነጋዴው ሳቀ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ተቆጣ። «ታዲያ ክረምቱን ቅጠል ሊበሉ ነው?» አላቸው።

አዴ ጫልቱ ካፖርታቸውን ቆለፉ። «ዛፍ የወጋው ሁሉ ቤት ሥራልኝ ሲለው ይሠራል፤ አፍ የለውም። እኔ አለኝ። መኪናህን ከደጄ አንሳ!»

ችግኞቹን በሙሉ ነቅለን አደረቅናቸውና አቃጠልናቸው። ጭሱ ሠፈሩን ሲያስነጥሰው ጎረቤት ሁሉ አበዱ አላቸው። ክረምቱን ሙሉ ቤታቸው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ከአልጋቸው ሥር ሳፋ፣ ከምድጃው አጠገብ ድስት። ያንን ቅርንጫፍ ይዤ የገባሁት ደግሞ እኔ አይደለሁ? አንድ ቀን ሳፋውን ስደፋላቸው «ተርቧን ያመጣኋት እኔ ነኝ?» ብዬ እያለቀስኩ ጠየቅኋቸው።

«ክንፍ አላት» አሉኝ። «የአንቺን እግር ምን አስጠበቃት?» እውነታቸውን ይሁን ሊያባብሉኝ፣ እስካሁን አላውቅም። ለማንም ግን ስሜን አላነሡም።

ችግኝ ጣቢያው ዛሬ ብሎኬት ይመረትበታል። አዴ ጫልቱም አርፈዋል። ከቡራዩ ስንለቅ እሳቸው ጋ የተውኩትን ያንን ጠርሙስ አጥበው ሰጥተውኝ ነበር።

እናም ቅዳሜ፣ ሽታው ገና ከእጄ ሳይለቅ፣ የአባቴን ችግኞች ቅጠል እየገለበጥኩ አየሁ። እዚያው ናቸው፤ ሮዝ፣ የሚያብረቀርቁ።

«አባዬ፣ እነዚህ አይተከሉም።»

«ጉድጓዱን ከቆፈርኩ በኋላ?»

አንዷን ሰንጥቄ አሳየሁት። ትሏን አየ፣ ጉድጓዶቹን አየ፣ ላቡን ጠረገ። «ይቺን የምታክል ነገር! ማን ያያታል?»

«እኔ አየኋታ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

«አዴ ጫልቱን ሆነሽ አረፍሽው!» ብሎ አካፋውን ወረወረ።

ሁለት ቀን ኮረፈኝ። በሦስተኛው ራሱ ችግኞቹን ሊያቃጥል ክብሪት ይዞ ወጣ። አጥራችን እስካሁን ባዶ ነው፤ የሠፈሩ ፍየል እንደልቡ ይገባል። የአዴ ጫልቱ ጠርሙስ፣ ከችግኞቹ የቀጠፍኩትን ቅጠል ይዞ፣ መስኮቴ ላይ ነው፣ አፉ በሻሽ ታስሯል። አባቴ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያየዋል።